ለነጻ አባላት የተቆለፈ የእጅ ጽሑፍ

በኖርድቢ በስቲከር ያልተለጠፈ ነገር እንዳለ አይቆጠርም። ሕፃን ሲወለድ ስሙ ሳንቃ ላይ ይለጠፋል። ጎረምሳው ለወንጌል ተልእኮ ሲሸኝ ቤተሰቡ በሙሉ የእሱ ፊት ያለበትን ቲሸርት ይለብሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ቲሸርት አለ። የዱቄቱ ዕቃ ላይ «ዱቄት» ተብሎ ተጽፏል፤ ባለቤቲቱ ከሠርጓ ጀምሮ ከዚያው ዕቃ ስትዝቅ የኖረች ብትሆንም፣ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ጨው ይመስላት ይሆናል። ሳሎኑ ውስጥ «ቤተሰብ ለዘላለም ነው» የሚል ሳንቃ ያልሰቀለ ሰው ቢገኝ፣ ምን ነክቶት ይሆን ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ ቢሾፑ ራሱ፣ ኩኪስ ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል።

ይህን ሁሉ ፊደል ከስቲከር ላይ የሚቆርጠው ከዳቦ ሳጥን የማይበልጥ ማሽን ነው። ሴቶቹ ለማሽናቸው ስም ያወጡለታል፤ የአርዲት ክሪስቶፈርሰን ማሽን ቦኒ ትባላለች። ቦኒ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች፣ አታኮርፍም፣ አትነጫነጭም። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ የራሷ ሐሳብ የላትም። ፔታል የተባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት ካላዘዛት በቀር አንዲት ነጥብ እንኳ አትበሳም። ገላዋን ገዝተሽ ቤትሽ ታስቀምጫለሽ፤ ነፍሷ ግን የምታድረው ኩባንያው ዘንድ ነው።

ኩባንያው ደግሞ የሰውን ልጅ ለሁለት ከፍሎታል፤ ነጻ አባልና ከፋይ አባል። ከፋዩ በየወሩ ከካርዱ እየተነሳበት አበባው፣ ቢራቢሮው፣ ፊደሉ ሁሉ ይከፈትለታል። ነጻው የራሱን ሥዕል ጭኖ እንዲቆርጥ ተፈቅዶለታል። ነጻ! ይህን ቃል በአደባባይ የጮኸውን ሁሉ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ኖሯል፤ በሌላኛው እጅህ ምን ይዘሃል ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።

አርዲት ነጻ አባል ነበረች። ከትምህርት ቤት ምግብ ቤት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ለከተማው ልጆች በጭልፋ ስታካፍል የኖረች፣ አጠር ያለች፣ ግትር ሴት ናት። ነጻ የሆነችውም በድህነት አይደለም። «ማሽኑን ገዝቼዋለሁ፤ ደግሞ ለምኑ?» ትላለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ባሏ ኦርቫል የተርኪ ዶሮ አርቢ ነበር፤ ብዕር ከያዘ ባላጋራውን የጨበጠ የሚመስል ሰው። የገና ካርዱንም፣ የባንኩንም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትም የምትጽፈው እሷ ነበረች። ከእሱ በየቦታው የቀረው ፊርማው ነው፤ ፊርማውም ተርኪዎቹ የጫሩት ይመስላል። የቀኝ አውራ ጣቱን ጫፍ የድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን ስለወሰደበት፣ የጻፈ እንደሆነ መስመሩ ያነክስ ነበር። ጥቂት ይራመድና አንዱ ፊደል እንቅፋት እንደመታው ሰው ዘለል ይላል፤ ደግሞ ይወርዳል። ክቦቹም አይገጥሙለትም፤ አፋቸውን እንደከፈቱ ይቀራሉ።

ከዓመታት በፊት፣ በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን፣ የመስኖው ተራ የእነሱ በሆነበት ቀን፣ ወንዙ ከተራራው በሚወጣበት ገደላማ ሸለቆ፣ ካንየኑ አፍ ላይ ያለውን የውሃ በር ሊያይ ወጣ። አርዲት ቤት አልነበረችም። ከመኖ መደብር የመጣው ደረሰኝ ግርጌ ላይ፣ የተርኪ ሳጥን ላይ ምልክት በሚያደርግበት ጥቁር ማርከር እንዲህ ብሎ ትቶላት ሄደ፦ «እራት ላይ እመለሳለሁ። ኦ.»

ፒካፑን አገኙት። አንድ ጓንቱን አገኙት። የቀረውን ወንዙ አልመለሰም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አርዲት በሯን ቆልፋ አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት «እዚህ ምን ሌባ አለ?» ትላለች። ሌባ መኖሩን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ያቺን ደረሰኝ በፔታል አነሳቻት። ፕሮግራሙ ራሱ ፎቶ ያነሳል፣ ራሱ ያጸዳል፣ ራሱ ያስቀምጣል፤ ስልኩ ላይ ምንም አይተውም። ከማስቀመጡ በፊት ረጅም ጽሑፍ አሳያት፤ ከግርጌው «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። አርዲት ተስማማች። በኖርድቢ ቅዱስ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሞልቷል፤ ያን ጽሑፍ ግን ሁለተኛው አንቀጽ የደረሰ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ስም ስጪው ሲላት «ካንየን» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ደረሰኙን በመስታወት ልታስቀምጠው ፈለገች። ተጨማዷል። የኖርድቢ ሴት ለተጨማደደ ነገር የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሙቀት። ቲሸርት ላይ ፊደል የምትጫንበትን ትኩስ መጫኛ ከፈተች፣ ደረሰኙን በጥንቃቄ ዘረጋችው፣ ክዳኑን ጫነችው። ስታነሳው ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኖ ጠበቃት። እንዲህ ያለው ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት ነው፤ ሙቀት በነካው ቁጥር ይጠቁራል። የመኖው ዓይነት ጠፋ፣ ቀኑ ጠፋ፣ ጥቁሩ ማርከር በጥቁሩ ውስጥ ሰመጠ። አርዲት ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ብታገላብጠው የሌሊት ሰማይ ይመስላል እንጂ ምንም የለበትም።

እንግዲህ የኦርቫል እጅ በምድር ላይ የቀረው አንድ ቦታ ሆነ። ኩባንያው ቤት፤ በነጻ።

አንድም ቀን ግን ቆርጣ አልለጠፈችውም። ለጎረቤቱ ሁሉ ስትቆርጥ ያቺን አንዷን ለመቃብር ድንጋዩ አስቀምጣታለች። ዘንድሮ ፍርድ ቤቱ ኦርቫል ሞቷል ብሎ ወሰነ። የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ዴልዊን፣ ከአርዲት ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሽማግሌ፣ በግንቦት መጨረሻ ሙታን ከሚታሰቡበት ቀን በፊት ድንጋዩን ሊያቆምላት ቃል ገባ። እሷ በቦኒ ስቴንስል፣ ፊደሉ ተቦርቡሮ የወጣበትን ላስቲክ፣ ትቆርጣለች፤ እሱ አሸዋውን በግፊት ይለቅበታል፤ ጽሑፉ እንዳለ ግራናይቱ ላይ ይወጣል። ከሥሩ የሚቀበር የለም። ቢያንስ እጁ ይኑር አለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ይቆርጣሉ። አለቃቸው ላሪ ናት፤ የአርዲት ጎረቤት፣ ድምፀ ብዙ፣ ልበ ሩኅሩኅ፣ እጀ ፈጣን። ሰው ሲያዝን ሳይጠራት የምትደርስ፣ ሂጂ ሲሏት የማትሰማ።

«እህት አርዲት፣ አሁንም ነጻ ነሽ?» አለች ላሪ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ነጻ ነኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! ያንኑ ሁለት ፊደል እያገላበጥሽ እስከ መቼ? እኔ ከፋይ ከሆንኩ ወዲህ ሰው ሆንኩ።»

«አዎ፣ አየሁሽ። የፀጉር ቀለምሽ በወር፣ ጥፍርሽ በወር፣ አሁን ደግሞ ፊደልሽ በወር። ሳይከፈልበት የሚያድር ምን ቀረሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ላሪም ሳቀች፤ ቂም የማታውቅ ሴት ናት፣ ክፋቷም እዚያ ላይ ነው።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ይኸን ስታዪ ግን ካርድሽን ራስሽ ታወጪያለሽ» ብላ የሥጋ መጥበሻ ሽርጥ ዘረጋች። ሽርጡ ላይ በትልልቅ ጥቁር ፊደል «ሥጋው አሯል፣ ፒዛ እዘዙ» ይላል።

አርዲት የያዘችውን መንጠቆ፣ ትርፍ ስቲከር የምትለቅምበትን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክቦቹ አልገጠሙም። አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«አዲስ ፊደል ነው የኔ እናት፤ የፈለግሽውን ብታዢው ይጽፍልሻል። ለከፋዮች ብቻ። ‹ካንየን› ይባላል። የወንድ እጅ ነው፣ አይደል? ሞቅ ይላል። ዘንድሮ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚቆርጠው። ፕሮቮ ከተማ ያለችው እህቴ የውሻዋ ቤት ላይ ለጥፋዋለች።»

«የኦርቫል ነው።»

«የኦርቫል ምን?»

«እጁ ነው። እኔ ነኝ የጫንኩት።»

ማሽኖቹ ብቻ ይቆርጣሉ። ላሪ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ ወዲያው ሞላ፤ እንባ ለላሪ ቅርብ ነው።

«አርዲትዬ! ታዲያ ይሄ በረከት እኮ ነው! የጠፋው ሰውዬ በየቤቱ ገባ እኮ!»

«ሥጋው አሯል ብሎ ያውቃል ኦርቫል?»

«ቢል ኖሮ እንዲህ ነበር የሚለው!» አለች ላሪ፤ ሌሎቹም እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። አንዷ እያለቀሰች ሽርጡን ዳበሰችው። «ምንም አታስቢ» አለች ላሪ። «ዝም ብለን አናይሽም። አንድ ነገር እናደርግልሻለን።»

በኖርድቢ ከማዕበልም ከቀረጥ ሰብሳቢም የሚያስፈራው ይህ ቃል ነው። አንድ ነገር እናደርግልሻለን የተባለ ሰው ሸሽቶ ያመለጠ የለም።

አርዲት ቤቷ ገብታ ፔታልን ከፈተች። የሠራቻቸው ንድፎች ተደርድረዋል፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ልጅ ጥርስ። ከሁሉም ሥር «ካንየን» አለ። ላዩ ላይ ግን ትንሽ ቁልፍ ተሥሏል። ስትነካው አንዲት የሥዕል አበባ ወጥታ ጨፈረችላትና እንዲህ አለች፦ «ይህ ንድፍ ለነጻ አባላት የተቆለፈ ነው! የሚወዱትን ለመክፈት አባል ይሁኑ!»

የደንበኛ መርጃውን አገኘችውና ጻፈች፦ «ያ የእኔ ነው። የባሌ ጽሑፍ ነው።»

መልሱ ዓይን ሳይርገበገብ መጣ፦ «እንዴት ደስ ይላል! ባለቤትዎም አባል ናቸው?»

«ሞቷል።»

«ስለነገሩን እናመሰግናለን! የባለቤትዎን አባልነት ማደስ ይፈልጋሉ?»

አርዲት ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ተርኪዎቹ ከጎረቤት ግቢ በአንድ ድምፅ ይንጫጫሉ። አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ሽርጡ ላይ ክቦቹ ነበሩ፣ ማነከሱ ግን አልነበረም። ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። እርግጥ ሽርጥ ነው፤ ለሽርጥ አሳምረውት ይሆናል። ዋናው ከቁልፉ ጀርባ፣ ከነማነከሱ፣ ተቀምጦ ይሆናል። ስልኩን መልሳ አነሳችው፣ ካርዷን አወጣች፣ ከፈለች። በየትኛውም ዘመን እንዲህ ነው፤ ሰው የሚገዛው የራሱን ዕቃ ሲሆን ዋጋ አይከራከርም።

አበባዋ እጅ ነሳቻት። «እንኳን ወደ ቤተሰቡ በደህና መጡ!»

ቁልፉ ተከፈተ። «እራት ላይ እመለሳለሁ። ኦ.» ይላል። ቀጥ ብሏል። ሰልፍ ላይ እንደቆመ ወታደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ንድፍዎ ለተሻለ ጥራት ተስተካክሏል» ተጽፏል። የመጀመሪያውን ለማየት ወዲህ ብላ ነካች፣ ወዲያ ብላ ነካች። የመጀመሪያ የሚባል ነገር የለም። አውራ ጣቱን መልሰው ቀጥለውለታል።

የዘለለው ፊደል የቱ ነበር? ከመጀመሪያው ቃል ነው? ወይስ ከሁለተኛው? አርዲት ዓይኗን ጨፈነች፤ ጠረጴዛውን አሰበች፣ ደረሰኙን አሰበች፣ ማርከሩን አሰበች። የመጣላት ቀጥ ያለው ነው። ደግማ ጨፈነች። ያው ቀጥ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ልትጨፍን ፈራች።

ገጹ ግን ገና አልጨረሰም። «ካንየን እነዚህንም ይጽፍልዎታል!» ብሎ ይደረድራል። «መልካም ገና» በኦርቫል እጅ። «ቡና ሳልጠጣ አታናግሩኝ» በኦርቫል እጅ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቡና በከንፈሩ ዞሮ የማያውቀው ኦርቫል። «የአያት ሳሎን»። «እዚህ ጫማ ይወልቃል»። «ቤት ገብቻለሁ»።

አርዲት ይህችን የመጨረሻዋን ካየች በኋላ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በነጋታው ወደ ዴልዊን ግቢ ሄደች። ዴልዊን መነጽሩ ላይ የድንጋይ ዱቄት እንደተጋገረበት ወጣ። ግራናይቱ ከኋላው ቆሟል፤ ፊቱ እንደ መስታወት ተወልውሎ፣ ምንም ሳይጻፍበት።

«ስቴንስሉን አመጣሽ?»

«አላመጣሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩስ ይጠብቅሻል፤ እኔ ነኝ የማልጠብቅሽ።»

«ስሙን ብቻ ጻፍበት ዴልዊን። በራስህ ፊደል።»

«እራቱስ?»

«እራቱ ይቅር።»

ዴልዊን መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ዙሪያ ብቻ ሰው ይመስላል፤ የቀረው ሐውልት ነው። «ላሪ ዛሬ ደውላልኝ ነበር» አለ። «የኦርቫልን እጅ በኮምፒውተር ልላክልህ አለችኝ። ደግሞ ምን ብላ ብትጠይቀኝ ጥሩ ነው? ‹ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ?›»

«ምን አልካት?»

«የሞተ ሰው ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም አልኳት። ሳቀች። ‹ይኼኛውማ ይታዘዛል› አለችኝ።» ዴልዊን በጓንቱ የድንጋዩን ፊት ጠረግ አደረገ፤ ሊጠረግ የሚገባው ነገር ግን አልነበረበትም። «አርዲት፣ እነዚያ ሴቶች የሆነ ነገር እያበሰሉ ነው። ለለቅሶ ቤት የሚወስዱትን ድንች ብቻ አይደለም የምልሽ።»

አርዲት ወደ ቤቷ የነዳችው ቀስ ብላ ነው። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ የካንየኑ አፍ ጠቁሯል። በየበረንዳው ሳንቃው ተሰቅሏል። ድሮ የማታያቸውን አሁን ታያለች። የኒልሰኖች በር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል፤ ክቦቹ አልገጠሙም። የፖስታ ሳጥን ላይ የቤተሰብ ስም፤ ክቦቹ አልገጠሙም። የመኪና መስታወት ላይ «ሕፃን ተሳፍሯል»። ኦርቫል በሕይወቱ አንድ ደረሰኝ ጽፎ፣ ሞቶ ከተማውን ሞላው። ሁሉም ቀጥ ብሏል። አንድም የሚያነክስ የለም።

የራሷ በረንዳ ስትደርስ መብራቱ በርቷል። እሷ አብርታው አልወጣችም።

በሩ ላይ ሳንቃ ተሰቅሏል። ነጭ የተቀባ፣ በጆንያ ገመድ ቋጠሮ ያጌጠ፣ ገና ያልደረቀ ቀለም የሚሸት። «ቤት ገብቻለሁ። ኦ.»

ከአእምሮዋ እግሯ ቀደመ። እጀታውን አዙራ ገባች፣ ሳሎኑን አለፈች፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ «ኦርቫል?» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ተመልሶ ወደ ጆሮዋ ሲገባ ነው የማን ድምፅ እንደሆነ ያወቀችው። ወንበሩ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። ማንም አላየባትም፤ ግን ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ነደደ። ይህን ሁሉ ዘመን በሩን የተወችው ለአንድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የጻፈ፣ እመጣለሁ ያለ፣ ያልመጣ ሰው። ውሸታም አልነበረም፤ አልደረሰም እንጂ። አሁን ውሸታም አደረጉት። ደርሻለሁ ይላል። ነገ ደግሞ ሌላ ያሉትን ይላል።

ድንጋዩን ትታላቸዋለች። እጁን ትታላቸዋለች። በሩን ግን አይደለም።

ቁልፉን ፍለጋ ገባች። ከማንኪያዎቹ ሥር የለም። ከኩፖኖቹ ሥር የለም። በመጨረሻ በስፌት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአዝራሮችና ከክር መሃል አገኘችው። የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ዝጓል፤ አልዞር አላት። የወጥ ቤት ዘይት ጠብ አድርጋ በሁለት እጇ አዞረችው። እንደ አጥንት ቀጭ አለ።

ከዚያ መንጠቆዋን ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወጥታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ልትለቅማቸው ነው። ግን አልወጣችም። ከሳንቃው ጋር ፊት ለፊት መቆሙን ፈራችው።

የእራት ሰዓት ሆነ።

በረንዳው ላይ እግር ተሰማ፤ ብዙ እግር፤ ቀስ የሚል። የትሪ ኳኳታ፣ የታፈነ ሳቅ። የለቅሶ ድንቹ ሽታ በበሩ ሥር ገባ፤ ቺዙ፣ የተጠበሰው ኮርንፍሌክስ።

«ቀስ በሉ» ትላለች የላሪ ድምፅ። «እያለቀሰች ይሆናል። በአንዴ ገብተን ‹እንኳን ደስ አለሽ› እንላለን። የጄሎውን ሳህን ማን ያዘ?»

በኖርድቢ በር አይንኳኳም። እጀታው ዞረ። አርዲት ተነስታ ቆመች፤ መንጠቆው በእጇ ነው። በሩ ተገፋ። አልተከፈተም። ደግሞ ተገፋ።

ሳቁ ቆመ።

«ተቆልፏል እኮ» አለች አንዷ።

«እንዴት ይቆለፋል? አርዲት ቆልፋ አታውቅም» አለች ላሪ። ድምፅዋ አነስ ብሏል። ሳንቃው በበሩ ላይ ሲወዛወዝ ተሰማ፤ አንድ ሰው ነክቶት ይሆናል። ሁሉም ‹ቤት ገብቻለሁ› ብለው የጻፉትን በሹክሹክታ ደግመው ሲያነቡት ለአርዲት በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ተሰማት።

«ታዲያ» አለች ከኋላ ያለችው ቀስ ብላ፣ «ከውስጥ የቆለፈው ማነው?»